ስለ ዕለት ተዕለት ነገር መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ብዙም አይለያይም። ከባልደረባም ከዘመድም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ከሚቀመጥ ሰውም የምሰማቸውን እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። የማወራው ስለ ልብ ወለድ ወይም ስለ ግጥም አይደለም። ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጓሮ ጎመን፣ ስለ ሰፈር ወፍ፣ ብቻ ሰው ስለሚወደው ማንኛውም ነገር ለራሱ ደስታ ብሎ ስለሚጽፋት አጭር ማስታወሻ ነው።

ሕይወቴ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይኼ ስለሆነ መልሱም ረዘም ይላል።

ማርታ ባላርድ በአሜሪካ ሜይን ውስጥ፣ ሃሎዌል በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ የምትኖር አዋላጅ ነበረች። ከ1785 እስከ 1812 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ፣ ማታ ማታ ጥቂት መስመር ትጽፍ ነበር። ዛሬ ዘነበ፤ ወንዙን ተሻገርኩ፤ የእገሌ ሚስት በሰላም ተገላገለች፤ ይህን ያህል ተከፈለኝ፤ ልብስ አጠብን። ያዋለደቻቸው ሕፃናት ከስምንት መቶ ይበልጣሉ። ደብተሯን ያገኙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የቤት ውስጥ ጥቃቅን ወሬ ነው እያሉ ለብዙ ዘመን አለፉት። በኋላ ሎሬል ታቸር ኡልሪክ የተባለች የታሪክ ምሁር ያንኑ ጥቃቅን ወሬ መስመር በመስመር አገጣጥማ የአንድን አካባቢ የሴቶች ሥራ፣ ብድርና ክፍያ፣ ሕመምና ጉርብትና አወጣችበት። በጻፈችው መጽሐፍም በ1991 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች። ባላርድ ግን የምትጽፈው ማን እንደወለደችና ስንት እንደተከፈላት የመሰለውን የዕለት ጉዳይ ነበር።

እኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። በየአድባራቱ የብራና ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውል ተጽፎ ይገኛል። ለጻፈው ሰው የዕለት ጉዳይ ነበር፤ ለዛሬ ተመራማሪ ግን ሀብት ነው። በብዙ ቤት የልጆች የልደትና የክርስትና ቀን የተጻፈው ከዳዊት ወይም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ባለችው ነጭ ገጽ ላይ ነው፤ መታወቂያ ለማውጣት የልደት ቀን ሲጠፋ የሚገለጠውም እሱ ነው። መንግሥቱ ለማ ደግሞ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ሲያወጉ በቴፕ ቀድተው ለኅትመት አበቁት። አለቃ ስለ ተማሪነታቸው፣ ስለ መምህሮቻቸውና ስለ ዘመናቸው ሰው ወግ የሚያወጉት ምድጃ ዳር እንደተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ያ ወግ ባይቀዳ ኖሮ አብሯቸው ያልፍ ነበር።

ስለዚህ «ምን አለኝ?» ለሚል ሰው መልሴ ያው ነው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ በሩ ላይ ያያችሁት የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? ካስታወሳችሁት ጻፉት። ካላስታወሳችሁት ነገ እያያችሁ ውጡ።

ደስታው ግን ምኑ ላይ ነው?

አክስቴ ስለ እንጀራ ብቻ ነው የምትጽፈው። ልጇ ትምህርት ሲጨርስ ግማሹ ባዶ የቀረ ደብተር ነበረ፤ እሱን ወሰደችው። ገጹን ገልጣችሁ ብታዩት የሚታየው ይኼ ነው፦ ሊጡ የተቦካበት ቀን፣ ብርዱ፣ ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከሮቶ፣ እርሾው ምን ያህል እንደሆነ፣ አብሲት መቼ እንደተጣለ፣ ኩፍ ለማለት ስንት ሰዓት እንደፈጀ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፍርዱ አለ፦ «ዓይኑ ጥሩ»፣ «ጠርዙ ተሰነጠቀ»፣ «ታች ታቹ ዕውር»። አንድ የሐምሌ ገጽ ላይ «ሊጡ አኩርፏል» የሚል ብቻ ነበረ። ሳቄን አልቻልኩትም።

በክረምት ብርድ ሊጥ እንደሚዘገይ ማንም እናት ታውቃለች፤ አክስቴም ሳትጽፍ ታውቀው ነበር። መጻፍ ከጀመረች ወዲህ የተለወጠው አስተያየቷ ነው። ድሮ እንጀራው ሲበላሽ «ዱቄቱ ነው» ብላ ወፍጮ ቤቱን ረግማ ትተወው ነበር። አሁን ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ ትመረምራለች፦ «በጥቅምትም ከዚሁ ወፍጮ ነበር፣ ያኔ ግን ዓይኑ እንደ ወንፊት ነው ይላል። እንግዲህ ውሃው ነው።» ከዚያ የሮቶውን ውሃ ቀድማ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ትሞክራለች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሰኞና ሐሙስ ሊጥ በምታቦካበት ቀን ፊቷ ላይ የሚታየው ጉጉት ፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ላይ ነው የማውቀው።

ለእኔ ደስታው እዚያ ነው ያለው። ሊጽፈው ያሰበ ሰው ነገሩን አይቶ አያልፍም። ሺህ ጊዜ ያደረገውን ነገር ሺህ አንደኛ ጊዜ ሲያደርግ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። ሌላም ትንሽ ደስታ አለ፣ እሱም ማታ ቀኑን መልሶ ማኘክ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰማችሁት ጥሩ ቀልድ በደብተር ሲገባ አንዴ እንደገና ያስቃችኋል፤ ከዓመት በኋላ ስትገልጡት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። አእምሮን ያሳርፋል፣ እንቅልፍ ይሰጣል የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እንደ መድኃኒት እንዲወሰድ አልፈልግም። መድኃኒት የሆነ ነገር ግዴታ ይሆናል፣ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ይጣላል።

ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ ወይስ ስለ ሁሉም?

እንደ ጠባያችሁ። እኔ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ እጽፋለሁ። ለጀማሪ የምመክረው ግን አንድ ነገር ይዞ መቆየትን ነው። ምክንያቱም አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ልዩነቱ መታየት ይጀምራል።

አንድ ወዳጄ የሚሰበስበው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉ ጥቅሶችን ነው። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፍቅር፣ በር በኃይል ስለሚዘጋ ተሳፋሪ የሚቀልዱትን ማለቴ ነው። መጀመሪያ ጥቅሱን ብቻ ይገለብጥ ነበር። ቆይቶ መስመሩንም መጻፍ ጀመረ፣ ከዚያ ጥቅሱን አንብቦ የሳቀውን ተሳፋሪ፣ ከዚያ ረዳቱ የመለሰውን። አሁን ደብተሩ የታክሲ ጥቅስ ስብስብ መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ወግ ሆኗል። «ወራጅ አለ!» የሚለው ጩኸት ብቻ ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው፦ የቸኮለው፣ ያፈረው፣ እንቅልፍ ወስዶት ያለፈው።

ሰማይ የሚወድ ደግሞ ዝናብ ይጻፍ። የበልግ የመጀመሪያ ካፊያ መቼ ጣለ? የክረምቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ መቼ ተሰማ? አደይ አበባ በሰፈራችሁ የታየችው ከዕንቁጣጣሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲቃረብ ሣር ላይ ጭራዋን እየወዘወዘች የምትሮጥ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ አለች፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ የምትመጣ እንግዳ ናት። የመጣችበትን ቀን በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ትልቅ ሥራ እየሠራ ነው። በጃፓን ኪዮቶ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ቀን ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። ይህም የሆነው ቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት በየዕለት ማስታወሻቸው ዛሬ አበባ አየን፣ ግብዣ ተደረገ እያሉ ስለጻፉ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. አበባው በፈረንጅ ማርች 26 ቀን ሙሉ በሙሉ ሲፈነዳ እስከዚያ ድረስ በ1,200 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ የቀደመ መሆኑን መናገር የተቻለው በእነዚያ ማስታወሻዎች ነው። መነኩሴው የአየር ንብረት ለውጥን አልሰማም፤ አበባ ወድዶ ነው የጻፈው።

ስሜቴን ልጻፍ ወይስ ያየሁትን?

ያያችሁትን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ እኔም አልለሳለስም።

«ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነበር። ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጣን፣ ተጫወትን» የሚል ማስታወሻ ከሁለት ዓመት በኋላ ብታነቡት ምንም አይመልስላችሁም። ይኼኛውን እዩት፦

«ኅዳር 14። ሌሊት ውርጭ ጎመኑን መታው። ከሰዓት እትዬ ቤት ቡና። አቦሉ አፈር አፈር አለ፤ እትዬ ‹ጀበናዋ አዲስ ናት፣ ገና አልተሟሸችም› አሉ። ቶናው ተሻለ። በረካውን ሳልጠብቅ ተነሣሁ፤ ‹በረከቱን ጥለህ ሂድ እንግዲህ› ብለው ተቆጡ።»

ደስ አለኝ የሚል ቃል የለበትም። ግን የእትዬ ድምፅ አለ፣ የጎመኑ ጥቁረት አለ፣ ቁጣቸው ከፍቅር መሆኑም ይታወቃል። ስሜቱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ሰው የተናገረውን በተናገረበት አፍ ጻፉ። ጎንደሬው፣ ወሎዬው፣ የመርካቶው ልጅ አንድ ዓይነት አማርኛ አይናገሩም፤ ሁሉንም ወደ ጋዜጣ አማርኛ ከቀየራችሁት ሁሉም አንድ ሰው ይሆናሉ።

ዋጋም ጻፉ። የሽንኩርት፣ የታክሲ፣ የማኪያቶ ዋጋ። ሽማግሌዎቻችን «እኛ በልጅነታችን በሬ በስንት ብር እንገዛ ነበር መሰላችሁ» ሲሉ በሬው በየዓመቱ እየረከሰ የሚሄደው የጻፈው ሰው ስለሌለ ነው።

በየቀኑ መጻፍ ግዴታ ነው?

አይደለም። ሳምንት ቢዘለል ይቅርታ መጠየቅም አያስፈልግም። «ለረጅም ጊዜ ስላልጻፍኩ አዝናለሁ» በሚል የሚጀምር ገጽ ደብተር ውስጥ ምን ይሠራል? ማንን ነው ይቅርታ የምንጠይቀው? ቀኑን ጽፋችሁ ቀጥሉ።

ደብተር ይሻላል ወይስ ስልክ?

ደብተር ባትሪ አይጨርስም፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይጻፍበታል፣ ሌባም አይፈልገውም። ስልክ ግን ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ባስ ውስጥ ተንጠልጥላችሁ ሁለት ቃል መጻፍ ትችላላችሁ። ብዙዎች ቀን በስልክ ቆንጥረው ማታ በደብተር ይዘረዝሩታል፤ ደህና ዘዴ ነው።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለሚጽፉ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት የጋራ አሠራር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ አሠራር ነበረው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ጽሑፍ ያላችሁ፣ የሚያነበው ፕሮግራም ጨርሶ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። አዲሱን በስልካችሁ ላይ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ ከጻፋችሁት ይህ ችግር የለባችሁም።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ዛሬ «ፀሐይ»፣ ነገ «ጸሀይ»፣ ከነገ ወዲያ «ፀሀይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ስትፈልጉ ስልኩ አንዱን ብቻ ያመጣላችኋል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ተዉትና አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍ ወይስ በፈረንጅ?

አገር ቤት ከሆናችሁ በእኛ፤ ወቅቱ ራሱ በእኛ ወር ነው የሚናገረው። ኅዳር ስትሉ ውርጩ፣ ነሐሴ ስትሉ ጭቃው አብሮ ይመጣል። ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስልኩ ከጠዋቱ 8፡00 ብሎ የመዘገበው የእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ሁለቱን እየቀላቀሉ የጻፉ ሰዎች በኋላ ምሳቸውን ሌሊት የበሉ ይመስላሉ። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የምትጽፉ ከሆነም፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት አዲስ ዓመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 መሆኗ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 እንደምትውል አትርሱ። ጳጉሜን ራሷን እኔ የማውላት ያለፈውን ዓመት ደብተር ለማንበብ ነው። አምስት ቀን ለዚህ በቂ ነው፤ ስድስት ስትሆን ደግሞ ምርቃት አላት።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ አማርኛዬም እየተረሳኝ ነው። በምን ቋንቋ ልጻፍ?

በምታወሩበት። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት «ዛሬ ማዳም እንግዳ አለባት፣ እስከ ሌሊት ቆምኩ» ብትል «ማዳም» የሚለው ቃል የኑሮዋ ክፍል ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን «ሺፍት» እና «ኦቨርታይም» እያለ ይጻፍ። ያንን ሁሉ ወደ ጥሩ አማርኛ ልመልስ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሦስት መስመር ሳይጽፍ ይተኛል። ጊዜ ለሌለው በድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥም ያው ጽሑፍ ነው።

ለውጭ ነዋሪ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል፤ እንዲያውም እኛ የማናየውን ታያላችሁ። እንጀራን ውሰዱ። ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል፣ አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲመረት የነበረው ጤፍ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። በዚያ ዱቄት፣ በሌላ አገር ውሃ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ቤቱን በሚያሞቅ ማሽን አጠገብ ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዘዴ አለው። አክስቴ ይህንን ደብተር ብታገኝ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ አያት በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ ያወራል። አያት ሲያወጉ የልጅ ልጅ በገባው ቋንቋ ቢጽፍ ምንም አይደለም። የሰው፣ የቦታና የምግብ ስም ብቻ እንደተጠራ ይጻፍ፤ ሌላውን በኋላ ማቃናት ይቻላል።

ሰው ቢያነብብኝስ? ስለ ሌላ ሰውስ መጻፍ ነውር አይደለም?

ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የለንደን ሹም ከ1660 እስከ 1669 እ.ኤ.አ. የጻፈው ማስታወሻ በምሥጢር ፊደል ሊባል በሚችል አጭር ጽሕፈት ነበር። ስለ ንጉሡም፣ ስለ ሚስቱም፣ ስለ ራሱ ቅሌትም ይጽፋል። በ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ እሳቱ ሲቃረብ የወይን ጠጁንና የፓርሜዛን አይቡን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበሩን የነገረን ራሱ ነው። ለአይብ ጉድጓድ የሚቆፍር ሹም በየትኛው የመንግሥት መዝገብ ይገኛል? ያም ሆኖ ጽሑፉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ተፈትቶ ታትሟል። ስለዚህ የሚጻፍ ነገር አንድ ቀን ሊነበብ ይችላል ብላችሁ ተነሡ።

ለእኔ ድንበሩ ቀላል ነው። ሰውየው ፊቴ ቆሞ ቢያነበው የሚስቅበትን ወይም ትንሽ የሚቆጣበትን እጽፋለሁ፤ የሚያዋርደውን ወይም አምኖ የነገረኝን አልጽፍም። የጎረቤት ሕመም፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የሰው ዕዳ ደብተሬ ውስጥ አይገባም። ስም በግማሽ መጻፍም ብዙ አያድንም፤ ሰፈሩ «እ» ማን እንደሆነች ያውቃል።

ለሌላ ሰው ላሳየው?

ከፈለጋችሁ። ግን ከመጀመሪያው ለማሳየት ብላችሁ ከጻፋችሁ እጃችሁ ይቀየራል፤ ቡናው ሁሉ ጥሩ፣ ሰው ሁሉ ደግ ይሆናል። እኔ የምወደው አንዲትን ገጽ፣ ለሚመለከተው ሰው፣ በቡና ሰዓት ማንበብ ነው። ለእትዬ የጀበናዋን ታሪክ ሳነብላቸው «እንዲህ ብዬሃለሁ?» ብለው ካዱ፤ ቀጥለው ደግሞ እኔ ያልጻፍኩትን ሁለት ነገር ጨመሩልኝ።

የሞላ ደብተር የት ይቀመጣል?

አልጋ ሥር ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ገጹም ይጣበቃል። ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ወይም በቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጥ፤ ከአይጥና ከብልም ያድነዋል። በጄል እስክርቢቶ የተጻፈ ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፤ ተራው ቢክ ይሻላል፣ እርሳስም ከሁለቱ አያንስም። ሽፋኑ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ጻፉ። እንዳይጠፋባችሁ የምትፈሩትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ደብተሩ የት እንዳለም ከቤተሰብ ለአንድ ሰው ንገሩ።